ዶልፊን ሁሉ አንድ አይደለም

እንግዲህ ስሙኝ! ይህ ታሪክ የዳንግላ መናኸሪያ ታሪክ ነው፤ የእንጅባራም ነው፤ የአዲስ ቅዳምም ነው። ባለታሪኩ አንድ ጎልማሳ ነው። ስሙን አልጠራም፤ እንዲህ ያለ ሰው በየመናኸሪያው ሞልቷልና። ብሩን በባንክ ደብተር ይዞ፣ ደላላ ክንዱን ጨብጦት ከመኪና ወደ መኪና የሚዞር ሰው ካያችሁ እሱ ነው በሉ።

የፋግታ ለኮማ ሰው ነው። በዚያ አገር ዲከረንስ ተክሎ ከሰል ማክሰል የብዙ ገበሬ መተዳደሪያ ከሆነ ቆይቷል። ዛፉ በአራት በአምስት ዓመቱ ይደርሳል፤ ከሰሉ በጆንያ ታስሮ በአይሱዙ እስከ አዲስ አበባ ይጓዛል። ጎልማሳውም አንዱን ማሳ አከሰለ፣ ሌላውን ደገመ፤ የሚስቱ ወንድም «እኔም ድርሻ ልግባ» አለው፤ የጎደለውን ተበድሮ ሞላ። «ሚኒባስ ገዝቼ ከእንጅባራ ባሕር ዳር እመላለሳለሁ፤ ልጆቼን አስተምርበታለሁ» አለ። መልካም ሐሳብ ነው። ነገር የመጣው «የትኛውን?» የተባለ ጊዜ ነው።

ደላላው ዳንግላ ላይ ሦስት ዶልፊን ጎን ለጎን አቁሞ ጠበቀው። ሦስቱም ነጭ፣ ሦስቱም ታጥበው የሚያብረቀርቁ። «የኔ ጌታ፣ ምረጥ!» አለው። «ሦስቱም ዶልፊን ናቸው፤ ሦስቱም ፋይቭ ኤል ናቸው። የዋጋቸው ልዩነት የባለቤቶቻቸው ችግር ነው፤ አንዱ ልጁን ሊድር ቸኩሏል፣ አንዱ ቤት ጀምሯል።»

ደግነቱ ጎልማሳው ብቻውን አልመጣም። ዕድሜያቸውን በዚህ መንገድ ላይ የጨረሱ አንድ ጡረተኛ ሾፌር አስከትሏል። ሽማግሌው ከዘራቸውን ተደግፈው ሦስቱን መኪኖች አንድ ጊዜ ዞሯቸውና ምንም ሳይሉ ቆሙ።

«ጋሼ፣ የቱ ይሻላል?» አላቸው።

«ልጄ፣ እስካሁን ያየሁት ቀለም ነው። ቀለም ደግሞ ባሕር ዳር በሁለት ቀን ይቀባል።»

እዚህ ላይ ትረካውን ገታ ላድርግና የመኪናውን የዘር ሐረግ ልቁጠርላችሁ። የመናኸሪያው ክርክር ሁሉ የሚፈታው በዚህ ነው።

ሃይስ የሚባለውን መኪና ቶዮታ ለመጀመሪያ ጊዜ ያወጣው በፈረንጆቹ 1967 ነው። ከዚያ ወዲህ ትውልዱ ተፈራርቋል። እኛ ዶልፊን የምንለው አራተኛው ትውልድ ነው፤ በ1989 ወጥቶ ጃፓን ውስጥ እስከ 2004 ተሠርቷል። አባዱላ የምንለው አምስተኛው ነው፤ በ2004 ዶልፊንን ተካ። ስድስተኛው፣ ያ አፍንጫው ወደ ፊት የወጣው፣ በ2019 መጣ። በኛ መንገድ ላይ ኑሮውን የተሸከሙት ግን አራተኛውና አምስተኛው ናቸው።

ታዲያ አንድ ትውልድ ማለት አንድ መኪና ማለት አይደለም። ቶዮታ ዶልፊንን የሠራው ለጃፓን ፖስተኛም፣ ለዓረብ አገር ሆቴልም፣ ለአፍሪካ ታክሲም ነው። ለየአንዳንዱ ገበያ ሌላ ሞተር፣ ሌላ ርዝመት፣ ሌላ ጣሪያ ሰጠው። ሲያረጁ ሁሉም በአንድ ስም እኛ ዘንድ ይገናኛሉ።

ከሞተሩ እንጀምር። በዶልፊን ላይ የሚገኙት የኤል ቤተሰብ የናፍጣ ሞተሮች ሦስት ወንድማማቾች ናቸው። ትልቁ በዕድሜ፣ ትንሹ በጉልበት፣ ቱ ኤል ነው፤ 2,446 ሲሲ። ቀጥሎ ስሪ ኤል አለ፤ 2,779 ሲሲ። ታናሹና ጉልበተኛው ፋይቭ ኤል ነው፤ 2,986 ሲሲ፤ በ1990ዎቹ አጋማሽ የመጣ። ሦስቱም ባለ አራት ሲሊንደር ናቸው፤ በአብዛኛው ዶልፊን ላይ ቱርቦ የላቸውም፤ ናፍጣውን የሚረጨው ሜካኒካል ፓምፕ ነው። ዳንግላ ያለ መካኒክ ፈትቶ የሚገጥማቸው ሞተሮች ናቸው፤ ለዚህ ነው የተወደዱት። ከነዚህ ሌላ አርዜድ የሚባሉ የቤንዚን ሞተሮች አሉ፤ ቀን ሙሉ ሰው ለሚያመላልስ ባለንብረት የነዳጁ ወጪ አይገፋም።

«በቱ ኤልና በፋይቭ ኤል መካከል ያለው ልዩነት ምን ያህል ነው?» የሚል አይጠፋም። መልሱ የአገራችን አቀማመጥ ላይ አለ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ዳንግላ ከ2,100 ሜትር በላይ፤ እንጅባራ ከ2,500 ሜትር በላይ። እንጅባራ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ይልቅ በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው ያንኑ የሳሳ አየር ነው። አስሉት፤ ፋይቭ ኤል እንጅባራ ሲደርስ የሚያገኘው አየር ቱ ኤል ጅቡቲ ወደብ ላይ ከሚያገኘው ያንሳል! እንግዲህ ቱ ኤል ራሱ እንጅባራ ላይ፣ ወንበሩ ሞልቶ፣ ጣሪያው ላይ የድንች ጆንያ ተጭኖበት ምን እንደሚሆን ገምቱ። ፓምፑ ናፍጣውን እንደልማዱ ይረጫል፣ አየሩ አይበቃውም፣ ያልተቃጠለው ናፍጣ ጥቁር ጭስ ሆኖ ከኋላ ይወጣል፤ ሾፌሩ ማርሽ ይቀንሳል፣ ሞተሩ ይግላል፣ ቴስታታው ይሰነጠቃል። መኪናው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ያለቦታው ገብቶ ነው።

ወደ መናኸሪያው እንመለስ። ሽማግሌው ኮታቸውን አውልቀው ለጎልማሳው ሰጡት። የሃይስ ሞተር እንደ ቤት መኪና ኮፈን ተከፍቶ አይታይም፤ የፊት ወንበሩን ማንሣት ግድ ነው። የመጀመሪያውን መኪና ወንበር አነሡና ናፍጣ የነካ ጨርቅ አስመጡ። የብሎኩን ጎን፣ ዘይትና አፈር ተጋግሮ ቆዳ የሆነበትን ቦታ፣ ሽው ሽው እያደረጉ ጠረጉት። የስልክ መብራት ተያዘላቸው። ከብረቱ ላይ ጎልቶ የወጣ ቁጥርና ፊደል ታየ፤ 3 እና ኤል።

«ፋይቭ ኤል ነው አላልክም?» አሉት ደላላውን።

«ጋሼ፣ ጉልበቱ እኮ የፋይቭ ኤል ነው!»

«ጉልበቱን አልጠየቅሁህም። ሊብሬውን አምጣ።»

ሊብሬው መጣ። ሞተሩ ስሪ ኤል፣ 2,779 ሲሲ ይላል። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። መኪናውም ወረቀቱም እውነት ተናግረዋል፤ የዋሸው ደላላው ብቻ ነው።

ሁለተኛው መኪና ተራ ደረሰው። ወንበሩ ተነሣ፣ ተጠረገ፣ 5 እና ኤል አለ። ጎልማሳው ፊቱ በራ። ሊብሬው ሲከፈት ግን የተመዘገበው ቱ ኤል፣ 2,446 ሲሲ ሆኖ ተገኘ። አንድ ጊዜ፣ አንድ ቦታ፣ የደከመው ሞተር ወርዶ ሌላ ተጭኖበታል ማለት ነው። ይህ በራሱ ነውር አይደለም፤ የኤል ወንድማማቾች እርስ በርስ ስለሚቀራረቡ መለዋወጥ የተለመደ ነው። ነውሩ ያልተመዘገበ መሆኑ ነው። የመጣው ሞተር ከየት እንደተገዛ የሚያሳይ ደረሰኝ ከሌለ፣ ስም ሲዛወር ሻሲና ሞተር ቁጥር የሚያመሳክረው ባለሙያ «ይህ ሞተር የማነው?» ማለቱ አይቀርም። ሽማግሌው «ሻጩ መጀመሪያ ያስመዝግበው፤ ከዚያ እንነጋገራለን» ብለው ወንበሩን መለሱ።

ሦስተኛው ከሁሉም ውብ ነበር። ሽማግሌው ይህኛውን ወንበሩን አላነሡትም፤ ተንሸራታቹን በር ከፈቱትና ጣታቸውን በጠርዙ ላይ ከላይ እስከ ታች አስኬዱት። ከቀለሙ ስር ጎርበጥ ጎርበጥ የሚል ነገር አለ። ወደ ሾፌሩ በኩል ዞረው ደግሞ የግራውን ጎን አንኳኩት፤ ቆርቆሮው እንደ ሌላው ጎን አይጮኽም፤ ድፍን ይላል፣ በስቱኮ ተሞልቷል።

«ልጄ፣ ይህ መኪና ሲወለድ መሪው በቀኝ ነበር።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ጃፓን በመንገዱ ግራ ትነዳለች፤ የራሷን ሃይስ ስትሠራ መሪው በቀኝ፣ የተሳፋሪው በር በግራ ይሆናል። እኛ ከ1956 ዓ.ም ጀምሮ በቀኝ ነው የምንነዳው፤ ተሳፋሪ በቀኝ በኩል መውረድ አለበት። ስለዚህ ለጃፓን ገበያ የተሠራ ሃይስ እኛ ዘንድ ይሠራ ዘንድ መሪው ወደ ግራ ይዞራል፣ ዳሽቦርዱ ተቆርጦ ይሰፋል፣ የፍሬንና የፍሪሲዮን ፔዳል ይዛወራል፣ የግራው በር ይደፈናል፣ በቀኝ ጎን አዲስ በር ይቀደዳል። ጥሩ እጅ የሠራው ብዙ ዘመን ያገለግላል። ክፉ እጅ የሠራው ግን መሪው ይጎትታል፤ የተቀደደው ጎን በጎርባጣ መንገድ መርገብገብ ይጀምራል፣ ከዚያ ብየዳው ይሰነጠቃል። የዝናብ መጥረጊያውንም እዩ፤ ብዙ ጊዜ ሳይዛወር ስለሚቀር የሾፌሩን ሳይሆን የተሳፋሪውን ፊት ለፊት አጥርቶ ይጠርጋል።

ይህን ሁሉ ሳያንኳኩ የሚያውቁበት መንገድም አለ። ቶዮታ መኪናው ላይ በለጠፈው ትንሽ የብረት ሰሌዳ ላይ የሞዴል ኮድ አለ። መጀመሪያ የሚመጣው ፊደል ወይም ጥንድ ፊደል የሞተሩ ቤተሰብ ነው፤ ቀጥሎ ያለው ኤች ሃይስ ማለት ነው። ኤልኤች ካለ የኤል ናፍጣ፤ አርዜድኤች ካለ ቤንዚን፤ ኬዲኤች ካለ የአዲሱ ዘመን ባለ ቱርቦ ናፍጣ፤ ቲአርኤች ካለ አሁንም ቤንዚን። ከፊደሉ በኋላ ያለው ቁጥር የአካሉን ዓይነት ይናገራል። ወደ ውጭ ገበያ በተላከ መኪና ከቁጥሩ ቀጥሎ ኤል የሚል ፊደል ካለ ከፋብሪካው መሪው በግራ ሆኖ ወጥቷል፤ አር ካለ በቀኝ። ለጃፓን ገበያ የተሠራው ደግሞ ባለ 17 አኃዝ የሻሲ ቁጥር የለውም፤ የሞዴሉ ኮድና አንድ ተከታታይ ቁጥር ብቻ ነው የተመታበት። 17 አኃዝ ያለውስ? የመጀመሪያውን ፊደል እዩ። ጄ ከሆነ ጃፓን ነው የተሠራው፤ ኤል ከሆነ ቻይና።

ቻይና ስል አንዳንዶቻችሁ ትገረሙ ይሆናል። ሼንያንግ ከተማ ያለው ጂንቤይ የተባለ ፋብሪካ የዶልፊንን ወንድም ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በቶዮታ ቴክኖሎጂ ሲሠራ ኖሯል። ከሩቅ ሲያዩት ያው ዶልፊን ነው፤ ውስጡ ግን ሌላ የቤንዚን ሞተር ሊሆን ይችላል፣ መለዋወጫውም ሌላ ነው። የቶዮታን ምልክት ገዝቶ ግንባሩ ላይ መለጠፍ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። የሻሲ ቁጥር ግን አይለጠፍም።

የአገው ፈረሰኛ በገበያ መካከል ፈረስ ሲገዛ ከንፈሩን ገልጦ ጥርሱን ሳያይ ብር አይቆጥርም። በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ሲወጡ የምታዩት ያ ሁሉ ውበት የተመረጠው እንዲያ ነው። ያው ሰው መኪና ሲገዛ ግን ደላላ በነገረው ስምና በቀለሙ ይረካል።

ሦስተኛውም መኪና ሲወድቅበት ደላላው ሌላ መንገድ ያዘ። «ዶልፊን ከሰለቻችሁ አባዱላ አለኝ» አለ። እንጅባራ ነው ያለው፤ ሃይ ሩፍ፤ ሰፊ። ጎልማሳው ልቡ ሄደ። እውነቱን ለመናገር አባዱላ ሌላ ዓለም ነው። ርዝመቱን ብቻ ውሰዱ፤ አጭሩ 4 ሜትር ከ69 ሳንቲ ሲሆን ረጅሙ 5 ሜትር ከ38 ሳንቲ ነው፤ ወርዱም ከ1 ሜትር ከ69 ወደ 1 ሜትር ከ88 ያድጋል። ሁለቱም አባዱላ ይባላሉ፤ የሚጭኑት ሰው ግን ለየቅል ነው።

ሞተሩም እንዲሁ። አንዳንዱ አባዱላ የቀድሞውን ፋይቭ ኤል ተሻሽሎ ይዟል፤ ኮዱ በኤልኤች ይጀምራል። ሌላው ቱ ኬዲ ወይም ዋን ኬዲ ነው፤ የመጀመሪያው 2,494 ሲሲ፣ ሁለተኛው 2,982 ሲሲ። እነዚህ ቱርቦ ስላላቸው የእንጅባራን የሳሳ አየር ጨምቀው ይወስዱታል፤ ዳገቱን ሲወጡ ዶልፊኑን ጥለውት ይሄዳሉ። ነዳጅም ይቆጥባሉ። ግን ናፍጣውን የሚረጩት በኮምፒውተር በሚታዘዝ፣ ከ1,000 ባር በላይ በሆነ ግፊት ነው። ላምባ የተቀላቀለበት ወይም ውሃ የገባበት ናፍጣ በበርሜል ገዝተው ቢሞሉበት ኢንጀክተሩ ይበላሻል፤ ኢንጀክተሩ ሲበላሽ የዳንግላው መካኒክ መፍቻ ብቻውን አያድነውም፤ የኮምፒውተር ምርመራ ይፈልጋል። የአራቱ ኢንጀክተር ዋጋ ደግሞ የገበሬን ላብ ያስቆጥራል።

ሽማግሌው ግን እንጅባራ እንሂድ አሉ፤ አባዱላውን ሊያዩ ብቻ አይደለም። የመጀመሪያውን መኪና፣ ያን ስሪ ኤሉን፣ እዚያ አሳድረው በጠዋት ሊያስነሡት ፈለጉ። የናፍጣ ሞተር ጤናው የሚታወቀው ብርድ ላይ ነው፤ የእንጅባራን የጠዋት ብርድ ደግሞ የቀመሰ ያውቀዋል። ገና ጎህ ሲቀድ ሄደው መጀመሪያ እጃቸውን ሞተሩ ላይ አሳረፉ፤ ደላላ ቀድሞ አሙቆት እንደሆነ ለማወቅ። ቀዝቃዛ ነው። የራዲያተሩን ክዳን ከፍተው ውሃውን አዩ፤ ዘይት አልተንሳፈፈበትም። ቁልፉ ተሽከረከረ። የማሞቂያ ካንዴላዎቹ ሥራቸውን ሠሩ፤ በሁለተኛው ሙከራ ተነሣ። ትንሽ ነጭ ጭስ ታየና ጠፋ። ነጭ ጭስ ሳይጠፋ ከቀጠለ፣ ራዲያተሩም ውስጥ አረፋ ከተነሣ፣ ጓርኒሲዮኑ ወይም ቴስታታው ተጎድቷል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ ነው፤ ፋሻዎቹ አልቀዋል። ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ሲከፍቱ ጭስ ቡፍ ቡፍ የሚል ከሆነ ሞተሩ ውስጡ ተበልቷል። ይህኛው ንጹሕ ነበር። ከዚያ ከመኪናው ስር ገብተው ባሌስትራውን ቆጠሩ፤ አንዱ ቅጠል ተሰብሯል። የሞተሩ የጊዜ ቀበቶ መቼ እንደተቀየረ ጠየቁ፤ የሚመልስ ጠፋ። በኤል ሞተር ላይ ይህ ቀበቶ በ100,000 ኪሎ ሜትር ገደማ መቀየር ያለበት ነው፤ ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። ሁለቱንም ከዋጋው ላይ አስቀነሱ።

ዋጋ ካነሣን አይቀር፣ ሃያና ሠላሳ ዓመት የሠራ መኪና በሚሊዮን ብር ለምን እንደሚሸጥ ልንገራችሁ። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከውጭ በሚገቡ አሮጌ አውቶሞቢሎች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም ደግሞ ከኤሌክትሪክ በቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን መንግሥት አስታወቀ። በዚህ ላይ የብር አቅም መውረድ ሲጨመርበት አገር ውስጥ ያለ አሮጌ መኪና ሁሉ ተወደደ። ስለዚህ ያው አንድ ዶልፊን ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ በዞረ ቁጥርም አንድ ነገር ይቀየርለታል፤ ሞተር፣ ካምቢዮ፣ ወንበር። ወረቀቱ ግን ሁልጊዜ አብሮት አይሄድም።

ጎልማሳው በመጨረሻ ምን ገዛ? ያን ስሪ ኤል ገዛ፤ በስሪ ኤል ዋጋ። አባዱላውን ያልገዛው ጠልቶት አይደለም። ሽማግሌው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁት፤ «ልጄ፣ መንገድህ የት ነው?» ከእንጅባራ ባሕር ዳር 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አስፋልት ነው፤ አዲስ ቅዳም ላይ አንዱ ይወርዳል፣ ዱርቤቴ ላይ ሌላው ይሳፈራል፤ ፍጥነት ትርፍ አያመጣም። መንገድ ተዘግቶ መኪናው ቆሞ የሚውልበት ሳምንትም አለ፤ ብድር ግን አይቆምም። ዳንግላ ላይ በአንድ ቀን ተጠግኖ የሚነሣ መኪና ለዚህ ሰው ይሻለዋል። ወደ ቻግኒ ወርዶ በየቀኑ የእንጅባራን ከፍታ ለሚወጣ፣ ካፒታሉም ለጠና፣ ቱርቦው ይሻለው ነበር።

ሁለተኛውን፣ ሞተሩና ሊብሬው ያልተስማሙትን፣ ሌላ ሰው በዚያው ሳምንት ገዛው። «ፋይቭ ኤል አገኘሁ» ብሎ ፈንድሻ አስበተነ። ስም ለማዛወር ሲሄድ የሞተር ቁጥሩ አልገጥም አለ፤ ሻጩን ሲፈልግ ስልኩ አይነሣም፤ መኪናው በገዢው ስም ሳይዞር ግቢው ውስጥ ቆመ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ?

እንግዲህ ትረካዬ እዚህ ላይ ያበቃል፤ ለናንተ ግን አንድ ቃል አለኝ። ዶልፊን ይሁን አባዱላ፣ ኮሮላ ይሁን ቪትዝ፣ አሮጌ መኪና ልትገዙ ስትሄዱ ስሙን ከደላላ አትቀበሉ። መጀመሪያ መንገዳችሁን ለዩ፤ ከዚያ የብረት ሰሌዳውን አንብቡ፤ ወንበሩን አስነሥታችሁ ወይም ኮፈኑን አስከፍታችሁ ሞተሩን ጠርጉ፤ ሊብሬውን ከሁለቱም ጋር አመሳክሩ። ለመካኒክ የምትከፍሉት የአንድ ቀን አበል ከምትገዙት መኪና አንድ ጎማ አይበልጥም። ሰሌዳው፣ ሞተሩና ሊብሬው አንድ ቃል ካልተናገሩ ደግሞ ዋጋው የቱን ያህል ቢቀንስ ብራችሁን ይዛችሁ ወደ ቤታችሁ ተመለሱ።